ዘመኑ 1872፣ ቦታው ላሙና ዛንዚባር፦ በፍቅር ልቦለዴ ውስጥ ባሕሩ ሥዕል ብቻ ሆኖ ቀረብኝ

ጥያቄ፦ ብዕረኛ

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት አንድ ታሪካዊ የፍቅር ልቦለድ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ታሪኩ የሚፈጸመው በምሥራቅ አፍሪካው የስዋሂሊ ጠረፍ፣ ይበልጡን በላሙ ደሴት ከፊሉ ደግሞ በዛንዚባር ሲሆን፣ ዘመኑ ከ1871 መጨረሻ እስከ 1873 ነው (ወሮቹንና ዓመቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ በላሙ የድንጋይ ቤት ካላቸው የከበሩ ቤተሰቦች የተወለደች፣ ስዋሂሊውን በዐረብኛ ፊደል የምትጽፍና ግጥም የምትገጥም ወጣት ናት። ሌላው በደቡብ ዐረብ ካለው ከሐድረመውት ጠረፍ የመጣ፣ በአንድ ትልቅ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ የናኾዳው፣ ማለትም የጀልባው አለቃ፣ ረዳት የሆነ መርከበኛ ነው።

ረቂቁን ያነበበልኝ አንድ ወዳጄ የሰጠኝ አስተያየት ከወር በላይ እንቅልፍ ነሥቶኛል። «ባሕሩን ከዚህ ታሪክ ሙሉ በሙሉ ብታወጣው ምንም አይጎድልም፤ ፍቅረኞቹን በአንድ የደጋ ከተማ ብታኖራቸውም ያው ነው» አለኝ። ደጋግሜ ሳነበው እውነቱን ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ውሃው ይቀላል፣ የኮኮናት ዛፍ ይወዛወዛል፣ ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ቤት ገብተው ይነጋገራሉ። ሁለቱን የሚለያያቸው አንድ ክፉ አጎት ነው፤ ደብዳቤያቸውን ይሰርቃል፣ ሐሰተኛ ወሬ ያስወራል፣ በመጨረሻም ይጋለጣል። ይህን አጎት እኔ ራሴም አላምነውም።

ሌሎች የተቸገርኩባቸው ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ሁለቱን ላገናኛቸው ያልቻልኩበት ጉዳይ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ልጅ በቀን ገበያ ወጥታ ከባዕድ መርከበኛ ጋር አትነጋገርም። አሁን ባለው ረቂቅ ከሰገነት ላይ በካንጋዋ ጨርቅ ላይ የተጻፈውን ምሳሌያዊ ንግግር አሳይታው መልእክቷን እንዲያነብ አድርጌያለሁ፤ ይሁንና ይህ ለዘመኑ ይስማማ አይስማማ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በታሪኩ ወሳኝ ቦታ ላይ ስም የሌለው ግጥም ለጀግናዋ ይደርሳታል፤ ገጣሚው ወንድ ይሁን ሴት አንባቢው ለረጅም ጊዜ ማወቅ የለበትም። በስዋሂሊ ይህ ቀላል ነው፣ ግሡ ጾታ አይለይምና። በአማርኛ ግን አንድ ግሥ በጻፍኩ ቁጥር ምስጢሬ ይወጣል። ሦስተኛው ደግሞ ባርነት ነው። በዚያ ዘመን በእንደዚህ ዓይነቱ ቤት በባርነት የተያዙ ሰዎች እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እስካሁን ውሃ ሲቀዱና ምንጣፍ ሲያነጥፉ ብቻ ነው ያሳየኋቸው፣ እርሱም ኅሊናዬን እየቆረቆረው ነው።

በተለይ ባሕሩን እንዴት ወደ ታሪኩ ላግባው? አጎትየውን አውጥቼ ልጣለው ወይ?

መልስ፦ ነፋስ ቆጣሪ

አጎትየውን አውጥተው ይጣሉት። ሁለቱን የሚለያይ ከእርሱ የበለጠ ጨካኝ፣ ደግሞም ማንም ሊያጋልጠው የማይችል ነገር በእጅዎ አለ፤ እርሱም ነፋሱ ነው።

በዚያ ጠረፍ ላይ የዓመቱ ኑሮ የተሰነጠቀው በሁለት ነፋሳት ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውና ካስካዚ የሚባለው ከኅዳር ወይም ከታኅሣሥ ገደማ ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ይነፍሳል፤ ከዐረብና ከሕንድ ጠረፍ የሚነሱትን ባለ ሸራ ጀልባዎች እየገፋ ወደ ላሙ፣ ወደ ሞምባሳና ወደ ዛንዚባር የሚያመጣቸው እርሱ ነው። ከዚያ በሚያዝያ አካባቢ አየሩ ይገለበጣል፣ ታላቁ ዝናብ ይወርዳል፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው ኩሲም ይተካል። ወደ ሰሜን የሚመለስ ጀልባ የኩሲን መጀመሪያ ይዞ መውጣት አለበት፤ ምክንያቱም ሰኔና ሐምሌ ላይ ይኸው ነፋስ ስለሚበረታ በዐረብና በምዕራብ ሕንድ ጠረፍ ብዙ ወደቦች ለሸራ ጀልባ አይቀመሱም። ያ ጊዜ ያመለጠው ናኾዳ ኩሲ እስኪበርድ ድረስ እስከ ነሐሴ ወይም መስከረም ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም።

ይህን የቀን መቁጠሪያ በታሪክዎ ላይ ያስቀምጡትና ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። የእርስዎ መርከበኛ በታኅሣሥ 1871 ላሙ ይደርሳል። ከዚህች ልጅ ጋር ለመተዋወቅ፣ ለመውደድና ሽማግሌ ለመላክ ያለው ጊዜ አራት ወር ገደማ ነው፤ ይህንንም እርሱ ያውቃል፣ እርሷም ታውቃለች፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎችም ያውቃሉ። ሳይነጋገሩ ከተለያዩ ቀጣዩ ቃል የሚደርሳት በሚቀጥለው ታኅሣሥ ነው። ደብዳቤ የሚሰርቅ ሰው ለምን ያስፈልግዎታል? ደብዳቤውን ራሱ ነፋሱ ለስምንት ወር ያቆየዋል። ያም ብቻ አይደለም፤ ወደቡ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው የነፋሱን መለወጥ በአፍንጫው ያውቀዋል፤ ስለዚህ አንድ ማለዳ በሰገነት ላይ የተሰጣው ልብስ ወደ ወትሮው አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ሌላ ሲውለበለብ ማሳየት ብቻ አንባቢውን ከየትኛውም የስንብት ንግግር በላይ ያስደነግጠዋል።

የመረጡት ዓመት ደግሞ እጅግ የታደለ ነው፤ ወይም እጅግ የተረገመ። በሚያዝያ 15 ቀን 1872 ዛንዚባርን ከባድ አውሎ ነፋስ መታት። ደሴቲቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እንዲህ ያለ ማዕበል እምብዛም አይደርስባትም፤ ለዚህም ማንም አልተዘጋጀም ነበር። በዋናዋ ደሴት በኡንጉጃ አብዛኛውን የቅርንፉድ ዛፍ ነቅሎ ጣለ፣ ወደቡ ላይ የነበሩትን ጀልባዎችና የዛንዚባሩን ገዥ የሱልጣን ባርጋሽን መርከቦች ሳይቀር ሰባበረ፤ ጎረቤቷ ፔምባ ግን በአመዛኙ ተረፈች። ቀኑን ልብ ይበሉ፦ ካስካዚ አብቅቶ ጀልባዎች ወደ ሰሜን ለመመለስ በሚሰናዱበት ጊዜ ነው። መርከበኛዎ ከላሙ ወደ ዛንዚባር ወርዶ ቅርንፉድ ሲጭን እንበል። ላሙ ከዚያ በስተሰሜን ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ በመሆኗ ጀግናዋ የምታየው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ከቀናት በኋላ የመጀመሪያው ጀልባ በኩሲ ተገፍቶ ሲመጣ ደቀሉ የተሰበረ፣ ሸራውም የተጣፈ ሆኖ ይታያታል፤ የእርሱ ጀልባ ግን አይደለም።

ለባሕሩ ሕይወት የሚሰጡት ትልልቅ ነገሮች ብቻ አይደሉም። ትል እንዳይበላው የጀልባው ሆድ በእንስሳ ሞራና በኖራ ይቀባ ነበር፤ ላይኛው እንጨት ደግሞ የሻርክ ዘይት ይጠጣል። ይህ መርከበኛ ከወደብ በሚመጣበት ቀን በምንም ሽቶ የማይሸፈን ጠረን አለው፤ እርሷ መጀመሪያ የምታውቀው ፊቱን ሳይሆን ያንን ጠረን ቢሆን እኔ አምናለሁ። ሲመጡ ተምር፣ ጨውና የደረቀ ዓሣ ይጭናሉ፤ ሲመለሱ የማንግሮቭ ግንድ፣ እህል፣ የዝሆን ጥርስና ቅርንፉድ ይይዛሉ። ሸራው የሚታሰርበት አጋዳሚ እንጨት እጅግ ረጅምና ከባድ ስለሆነ የሚሰቀለው በብዙ ሰው ጉልበትና በዘፈን ነው። ጀግናዋ ከመስኮት ሆና ጀልባውን ማየት ባትችል እንኳ ያን ዘፈን ሰምታ መነሳታቸውን ታውቃለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ታሪኩን ከ1872 ካሳለፉት የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከብ የፖስታ መስመር ዛንዚባር መድረስ ጀምሯል፤ የእንፋሎት መርከብ ደግሞ ነፋስ አይጠብቅም። የቴሌግራፍ ገመድ ግን ዛንዚባር የደረሰው በ1879 ስለሆነ፣ በ1873 ቴሌግራም የሚልክ ገጸ ባሕርይ ካለዎት አሁኑኑ ይሰርዙት።

መልስ፦ የድንጋይ ቤት

ከላይ ስለ ነፋሱ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ነፋስ ብቻውን ታሪኩን አይሸከምም። ነፋስ ሰዎችን ያራርቃል እንጂ «አይሆንም» አይላቸውም። በላሙ «አይሆንም» የሚለው ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ከቤቱ አሠራር ልጀምር።

የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠራ ወፍራም ግንብ ሲሆን፣ ጣሪያውን የሚሸከመው ቦሪቲ የሚባለው የማንግሮቭ ግንድ ነው። ግንዱ ከሦስት ሜትር ብዙም ስለማያልፍ ክፍሎቹ ምንም ያህል ቢረዝሙ ጠባብ ናቸው። ባለጸጋውም ሆነ ሱልጣኑ ከግንዱ የሰፋ ክፍል ሊኖረው አይችልም። በእርስዎ ረቂቅ ውስጥ «ሰፊ አዳራሽ» የሚል ቃል ካለ ይመርምሩት። ቤቱ ከመንገድ ወደ ውስጥ በደረጃ ይጠልቃል፦ ዳካ የሚባለው የበር ደጅ አግዳሚ ለወንድ እንግዳ የሚሆን ነው፤ ከዚያ ግቢው፣ ከዚያ ረጃጅም ክፍሎቹ፣ በመጨረሻ ንዳኒ የሚባለው የውስጥ ክፍል። ባዕድ መርከበኛ ለጉዳይ ቢመጣ የሚደርሰው እስከ ዳካው ነው። ከእርሷ የሚለየው ሃያ እርምጃ ያህል ነው፤ ነገር ግን ያቺን ሃያ እርምጃ ከሐድረመውት እስከ ላሙ ካለው ባሕር ይበልጥ ማቋረጥ ይከብደዋል። እኔ ብሆን ሙሉውን የፍቅር ታሪክ በዚያች ርቀት ላይ እጽፈው ነበር።

ስለ መገናኛው ግን ከተማዋ ራሷ መፍትሔ ሰጥታዎታለች። ዘመድ የሆኑ ቤተሰቦች ቤታቸውን ከላይ በመንገዱ አናት ላይ በሚያልፍ መሻገሪያ ያያይዙት ነበር፤ ሴቶች መንገድ ሳይወርዱ ከቤት ወደ ቤት በእርሱ ይሄዳሉ። በጠባቧ መንገድ የሚያልፍ ሰው ከራሱ በላይ የእግር ኮቴና ሳቅ ይሰማል፣ ማንንም ግን አያይም። ጀግናዋ ከላይ፣ እርሱ ከታች፤ ከዚህ የተሻለ መገናኛ ገበያ ውስጥ ሊያገኙ አይችሉም።

አሁን ወደ ትልቁ እንቅፋት ልለፍ። በእነዚህ ቤተሰቦች ዘንድ ኩፉ የሚባል የእኩያነት ደንብ ነበረ፤ ሴት ልጅ በዘር ሐረግ ከእርሷ ለሚያንስ ወንድ አትዳርም። ወንዱ ግን ዝቅ ብሎ ሊያገባ ይችላል። ስለዚህ አባትየው ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ መርከበኛውን እየወደደው፣ ዳካው ላይ ቡና እያጠጣው፣ ልጁን ሊከለክለው ይችላል። ይህ እንዲያውም ከክፉ አጎት በብዙ እጥፍ ያማል። ደግሞ መርከበኛው ከሐድረመውት መሆኑ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ ከሚመጡት መካከል የነቢዩ ዘር ነን የሚሉ ሸሪፎች ነበሩና፣ ድሀ ቢሆኑም በዘር ረገድ ይከበሩ ነበር። የዚህ ሰው የዘር ሐረግ የተጻፈበት ወረቀት በባሕር ውሃ ቢበላሽስ?

ረቂቅዎ በጋብቻ የሚያልቅ ከሆነ አንድ ነገር ያስተካክሉ። በላሙ ልማድ ባል ሙሽራዋን ይዞ አይሄድም፤ አባት ለሴት ልጁ ቤት ወይም የቤቱን አንድ ክፍል ይሰጣታል፣ ባልየውም ወደ እርሷ ይገባል። እንዲህ ከሆነ ለመርከበኛው ጋብቻ ማለት ከባሕር ወጥቶ ወደ ጠባቡ ክፍል መግባት ነው። ፍቅሩ እርሷን የሚያስከፍላትን ያህል እርሱንም ያስከፍለዋል።

በእውነተኛ ታሪክ ምን ያህል ርቀት መሄድ እንደሚቻል ማየት ከፈለጉ የዛንዚባሯ ልዕልት ሳይዳ ሳልሜ ምሳሌ ትሆናለች። በ1844 ተወለደች፤ አባቷ ሱልጣን ሰይድ ሳዒድ፣ እናቷ ደግሞ ከካውካሰስ ምድር ከሰርካሲያ የመጣች ዕቁባት ነበረች። መጻፍ የተማረችው በድብቅ ነው፤ በ1859 ወንድሟ ባርጋሽ በሌላው ወንድሟ በሱልጣኑ በማጂድ ላይ ሲያሴር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆና የሤራውን ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። በኋላ ከጎረቤቷ ከጀርመናዊው ነጋዴ ከሩዶልፍ ሩቴ ጋር ተዋደደች፣ አረገዘች፣ በ1866 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ኤደን ወደብ ወጣች፤ በ1867 በዚያው ተጠምቃ ተጋቡና ወደ ሃምቡርግ ሄዱ። ባሏ በ1870 በትራም አደጋ ሞተ። እንግዲህ የእርስዎ ጀግና በ1871 ይህን ወሬ የሰማች ናት ማለት ነው። ለእርሷ ተስፋ ይሁን ማስፈራሪያ፣ ምርጫው የእርስዎ ነው።

መልስ፦ ክር ቆጣሪ

አጭር ነገር ስለ ካንጋው። ጽሑፍ ያለበት ካንጋ በ1872 አይሆንም። ካንጋ ራሱ የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ ምሳሌያዊ ንግግር የሚታተምበት ግን በ20ኛው መጀመሪያ፣ መጀመሪያ በዐረብኛ ፊደል በኋላም በላቲን ፊደል ነው። በዚያ ፈንታ ግጥሙ ራሱ ይሂድ። የስዋሂሊ ሴቶች ግጥም መጻፋቸው ምንም ማጋነን የለበትም፤ የፓቴ ደሴቷ ምዋና ኩፖና በ1858 ገደማ ታማ ሳለች ለልጇ በግጥም የጻፈችው ምክር እስከ ዛሬ ይነበባል። የሚገርመው የዚያ ግጥም ዋና ጉዳይ ሚስት ከባሏ ጋር እንዴት መኖር እንዳለባት ነው። ፓቴ ለላሙ ቅርብ ናትና ጀግናዋ ይህን ግጥም በቃሏ የምታውቅ፣ ነገር ግን በልቧ የምትከራከረው ልትሆን ትችላለች።

መልስ፦ አንባቢት

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ የዚህ ዓይነት ልቦለድ ብዙ የማነብ ሰው ነኝ። ለሦስተኛው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ሲዘገይ ስላየሁ ልጻፍ ብያለሁ፤ ምናልባት ከሌሎቹ ይልቅ እኔ ጠንከር ሳልል አልቀርም።

ነፋስ ቆጣሪ ወደ ሰሜን የሚጫነውን እህል ጠቅሰዋል። ያ ማሽላና ሰሊጥ ከየት መጣ? ከላሙ ፊት ለፊት ባለው የየብስ ጠረፍና ከዚያ በስተደቡብ በማሊንዲ አካባቢ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ያረሱት ነው። የዛንዚባሩን ቅርንፉድ የሚለቅሙትም እነርሱ ናቸው። መርከበኛው ደሞዙን የሚያገኘው ከዚያ ጭነት ትርፍ ነው፤ የእርሷ ጥሎሽና የእርሷ ድንጋይ ቤትም እንዲሁ። ስለዚህ ባርነት በዚህ ታሪክ ዳር የቆመ ሥዕል ሊሆን አይችልም፤ ገንዘቡ ራሱ ነው። በጀልባዋ ላይ ካሉት መርከበኞች መካከል እንኳ ባሪያ ሆነው ከሚያገኙት ገንዘብ ለጌታቸው የሚያካፍሉ ይኖራሉ፤ ከጀግናው ጋር አንድ ገመድ ይጎትታሉ፣ አንድ ዘፈን ይዘፍናሉ።

ሌላ የምለው ስለ መልእክተኛዋ ነው። ደብዳቤውንና ግጥሙን ከዳካው ወደ ውስጥ የምታስገባው ማን ናት? ነፃ ሴት ካልወጣች የምትወጣው በባርነት ያለች ልጅ ናት። እኔ ባነበብኳቸው ልቦለዶች ይህቺ ልጅ ሁልጊዜ ተንኮለኛ፣ ተጫዋችና ታማኝ ሆና ትቀርባለች። ግን እስቲ እናስበው፤ ምስጢሩ ቢወጣ እመቤቷ ትቆጣለች፣ ለጥቂት ወር ትዘጋለች። ልጅቱ ግን ልትሸጥ ትችላለች። ሁለቱ በመስኮት ሲተያዩ የሚቆምሩት በራሳቸው ዕድል ብቻ አይደለም፤ በእርሷም ዕድሜ ነው። ጀግናዋ ይህን የምታውቅበትን፣ አውቃም ግጥሙን ደግማ የምትልክበትን ምዕራፍ ቢጽፉልን እኔ ያንን ምዕራፍ አልረሳውም፤ ጀግናዋንም ላልወዳት እችላለሁ፣ ይሁን።

ታሪክዎ እስከ 1873 መሄዱም ትርጉም አለው። በሰኔ 1873 ሱልጣን ባርጋሽ ከእንግሊዝ ጋር በፈረመው ውል ሰዎችን በባሕር ጭኖ መሸጥ ተከለከለ፣ የዛንዚባሩም ገበያ ተዘጋ። ይህ ማለት ግን ባርነት ቀረ ማለት አይደለም፤ ንግዱ በየብስ ወደ ሰሜን ዞረ፣ ባርነቱ በሕግ ደረጃ በዛንዚባር የተሻረው በ1897 ሲሆን ዕቁባቶች ደግሞ እስከ 1909 ጠበቁ። ስለዚህ እባክዎ የመጨረሻውን ምዕራፍ በነፃነት ደስታ አይዝጉት። አንድ ነገር ደግሞ፦ ጌታ በባርነት ከያዛት ሴት ጋር ያለውን ነገር «ፍቅር» ብለው በጎን ታሪክ እንዳያስገቡ። በዘመኑ ሕግ ከጌታዋ የወለደች ሴት አትሸጥም፣ ጌታዋ ሲሞትም ነፃ ትወጣለች፤ ይህ ጥበቃ ነው፣ እሺ ብላለች ማለት ግን አይደለም።

መልስ፦ ነፋስ ቆጣሪ

አንባቢት ያሉት እህሉን ራሴ ጽፌ ከየት እንደመጣ ሳልናገር ማለፌን አስታወሰኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ባሪያ የጫኑ ናቸው ያሏቸውን ጀልባዎች እያስቆሙ ያቃጥሉ ነበር፤ በሕጋዊ ንግድ ላይ የነበሩ ጀልባዎችም ተቃጠሉብን የሚል አቤቱታ ቀርቦባቸዋል። መርከበኛዎ ጀልባው ቢያዝ «እኛ እህል ብቻ ነው የጫንነው» ይላል። አንባቢው በዚያ ሰዓት ይህን ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚሰማው አሁን አንባቢት ግልጽ አድርገውታል።

መልስ፦ ሰምና ወርቅ

የቀረው የቋንቋው ጥያቄ ይመስለኛል። ጠያቂው «በአማርኛ አንድ ግሥ በጻፍኩ ቁጥር ምስጢሬ ይወጣል» ብለዋል። ከፊሉ እውነት ነው፣ ነገር ግን አማርኛ ካሰቡት በላይ መሸሸጊያ አለው።

አንደኛ መደብ ጾታ የለውም። «እጠብቃለሁ»፣ «አየሁ»፣ «አልረሳሁም» የሚለው ወንድም ሴትም ነው። ግጥሙን በ«እኔ» ከጻፉት ገጣሚው ተሸፍኗል። የሚያጋልጠው ቅጽል ነው፤ «ብቸኛዋ»፣ «ምስኪኑ» ከሚሉት ይራቁ። ስለ ሦስተኛ ሰው መናገር ካስፈለገ ደግሞ አክብሮቱ ይረዳዎታል፦ «እሳቸው» ጾታ አይለይም፣ «እርስዎ»ም እንዲሁ። በቤቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ገጣሚውን በአክብሮት «ማን ይሆኑ? የት አይተዋት ይሆን?» እያሉ ቢነጋገሩ፣ አንባቢው ምዕራፎችን ሙሉ ሳይጠረጥር ይዘልቃል፤ ዝምታውም የጸሐፊው ተንኮል ሳይሆን የጨዋ ቤት ወግ ይመስለዋል።

ከዚህ የሚበልጥ ጥቅምም አለ። ስዋሂሊ በአክብሮት የሚለያየው በማዕረግ ቃላትና በሰላምታ ነው፤ ታናሽ ለታላቁ «ሺካሞ» ይላል፣ ታላቁም «ማራሃባ» ብሎ ይቀበላል። «አንቺ» እና «እርስዎ» የሚል እንደ እኛ ያለ በር ግን የለውም። እኛ ያ በር ስላለን እንጠቀምበት። መርከበኛው ከመሻገሪያው በታች ቆሞ «እርስዎ» ሲል ወራት ይለፉ፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም በስንብቱ ዕለት፣ «አንቺ» ይበል። ሌላ የፍቅር ቃል መጨመር አያስፈልግም። እርሷ ደግሞ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ማለቷን ብትቀጥል፣ እምቢታ ይሁን ጥንቃቄ ወይም ፍርሃት አንባቢው ራሱ ይፍታው።

ስለ ባዕድ ቃላት ያለኝ ሐሳብ ቀላል ነው። አማርኛው ያለው ነገር በአማርኛ ይጻፍ፤ ደቀል፣ መልሕቅ፣ ቅርንፉድ፣ ቃጫ፣ ኖራ እያለን ለጌጥ ብሎ ባዕድ ቃል መደርደር አንባቢን ቱሪስት ያደርገዋል። ካስካዚ፣ ኩሲ፣ ዳካ ግን ይቆዩ፤ ምትክ የላቸውምና። አንድ ሥራ ደግሞ ተቃልሎልዎታል፦ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው። ማለዳ አንድ ሰዓት ብለው ከጻፉ በላሙም በአማርኛም አንድ ነው። እንግሊዛዊ ደራሲ ማብራሪያ ሲጽፍ እርስዎ ዝም ብለው ያልፋሉ።

መልስ፦ ብዕረኛ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አጎትየው ትናንት ማታ ከአሥራ ሁለት ምዕራፎች ወጥቷል፤ አንድም ቦታ አልጎደለም፣ ይህም ምን ያህል ትርፍ እንደነበር ያሳያል። ታሪኩ አሁን የሚጀምረው በታኅሣሥ 1871 የሰገነቱ ልብስ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲውለበለብ ነው። የሚያዝያው አውሎ ነፋስ መሐል ላይ ይገባል፤ ነገር ግን ማዕበሉን ራሱን አልጽፈውም፤ ከላሙ የሚታየውን ጥርት ያለ ሰማይ ብቻ እጽፋለሁ።

የድንጋይ ቤት ያሉትን የዘር ሐረግ ወረቀት ወስጄዋለሁ፤ ቅር እንደማይላቸው ተስፋ አደርጋለሁ። ካንጋው ቀርቷል። መጨረሻው ጋብቻ መሆኑ አሁን አጠራጥሮኛል፤ ያንን ሰው ጠባቡ ክፍል ውስጥ ሳስበው ከመስኮቱ ሆኖ የሸራ መስቀያውን ዘፈን ሲሰማ ነው የሚታየኝ።

አንባቢት የተናገሩት ከሁሉ ይበልጥ ከብዶኛል። መልእክተኛዋ እስካሁን ስም እንኳ አልነበራትም። ስም ሰጥቻት አንድ ምዕራፍ በእርሷ ዓይን ጀምሬያለሁ፤ ስጽፈው ግን ሁለቱ ፍቅረኞች ከሩቅ ሲታዩ የማይወደዱ ሆነው መጡብኝ። እንዳለ ልተወው አስቤአለሁ።

ለሰምና ወርቅ ደግሞ ስም የለሹን ግጥም በምክርዎ መሠረት እንዲህ ሞክሬዋለሁ፤ ያርሙልኝ፦

ካስካዚ አልፎ ኩሲ ሲተካ፣
ስጠብቅ የኖርኩት ነፋስ ኖሯል ለካ።

መልስ፦ ሰምና ወርቅ

ጾታው ተሸፍኗል፤ «ኖሯል» የሚለው የሚመለሰው ወደ ነፋሱ ስለሆነ ገጣሚውን አያጋልጥም። «አልፎ» የሚለውን ግን «ሄዶ» ቢያደርጉት እወዳለሁ። ነፋስ ያልፋል፤ የሚሄደው ሰው ነው፤ ወርቁም እዚያ ላይ ይቀመጣል።